ቅይጥ የሚበሰብስ ቆሻሻን ለባዮቻር የማዘጋጀት አሠራር፦ ለመሐል አዲስ አበባ ጠባብ ግቢዎች

የሙዝ ልጣጭ ቆሼ ተጥሎ ሲበሰብስ፣ ተክሉ ከአየር የሳበው ካርቦን ተመልሶ ወደ አየር ይወጣል፤ አየር በማያገኝ ክምር ሥር ከሆነማ ገሚሱ ሚቴን ሆኖ ነው የሚወጣው። ያው ልጣጭ ደርቆ፣ ኦክስጅን በተነፈገ ምድጃ ከ350 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ግን ከካርቦኑ ግማሽ ገደማው ባዮቻር (አፈር ውስጥ የሚቀበር ከሰል) ሆኖ ይቀራል። በደንብ የከሰለ ባዮቻር አፈር ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ክፍሉ ለብዙ መቶ ዓመታት አይበሰብስም። ካርቦንን ከአየር ማስወገድ የሚባለው በዚህ መንገድ ሲሆን ይሄው ነው።

ምድጃው ሥራውን በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል። ቀናት የሚፈጀው ዝግጅቱ ነው፤ ብዙው ነገር የሚበላሸውም እዚያ ነው። ስለዚህ እዚህ የምንነጋገረው እሳት ከመለኮሱ በፊት ስላለው ሥራ ብቻ ነው፤ ታሳቢ ያደረግነውም በአራዳ፣ በልደታ ወይም በቂርቆስ በቀን ከ300 እስከ 500 ኪሎ የሚቀበል ግቢ ነው። ማክሰሉ ከመሐል ከተማ ውጭ ይሁን፤ ቤት ለቤት በተጣበቀበት ሰፈር ምድጃ መለኮስ ከጎረቤት ጋር መጣላት ነው። ማድረቁ ግን እዚሁ ይሠራ። ውሃ በአይሱዙ ጭኖ ከከተማ ማውጣት ናፍጣ ማባከን ነው፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ያም ካስወገዳችሁት ላይ ይቀነሳል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ። «ቅይጥ» ማለት ተቀላቅሎ የመጣ ማለት አይደለም። ለየብቻ ተቀብላችሁ፣ ለየብቻ አድርቃችሁ፣ መዝናችሁ ራሳችሁ የምትቀይጡት ነው። ተደባልቆ የመጣን ጆንያ ለማስተካከል መሞከር ከሁሉ የከፋው ድካም ነው።

መጀመሪያ ምድጃው ምን ይበላል?

የምታዘጋጁት ለየትኛው ምድጃ እንደሆነ ሳታውቁ ገጀራ አታንሱ። ክፍት የሆነው የሾጣጣ ምድጃ፣ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ኮን ቲኪና መሰሎቹ፣ የሚፈልገው በመካከሉ እሳትና አየር የሚያልፍበት ወፍራም ነገር ነው፦ የአጣና ስብርባሪ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የጫት እንጨት። ሰጋቱራ ወይም የቡና አተላ ብትደፉበት ነበልባሉን ያፍነዋል፤ ነበልባል ሲታፈን ጋዙ ሳይቃጠል ጭስና ሚቴን ሆኖ ይወጣል። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ27 እጥፍ በላይ ያሞቃል፤ ጥቂት ጭሳም ዙር የወሩን ልፋት ሊበላው ይችላል። ደቃቅ ነገር የሚሄደው ከውጭ ወደሚሞቅ ዝግ ምድጃ ነው፤ ወይም ተጠፍጥፎ እንደ ብሪኬት ይሠራል።

ስለዚህ ግቢው ከመጀመሪያው ቀን ሁለት መስመር ይኑረው፦ «ሻካራ» እና «ደቃቅ»። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በሁለቱ ይከፈላል።

ምን ይቀበሉ፣ ምን ይመልሱ

አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሣ ወዲህ መሐል ከተማው ውስጥ የጎመንና የቲማቲም ብስባሽ በገፍ አይገኝም፤ ለዚህ ሥራ ጉዳት የለውም። ጎመን ከመቶው 92 እጅ ውሃ ነው። ከ100 ኪሎ ጎመን 8 ኪሎ ደረቅ ነገር፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ኪሎ ተኩል የማይሞላ ባዮቻር ይወጣል፤ ለዚያ ሲባል 90 ኪሎ ውሃ ማትነን እብደት ነው። ጎመን፣ ቲማቲም፣ የተረፈ ወጥ፣ የሰላጣ ቅጠል ወደ ኮምፖስት ይሂዱ።

ቢለቀሙ የሚያዋጡት እነዚህ ናቸው፦

የቡና አተላ ከማኪያቶ ቤቶች። ከማሽኑ ሲወጣ 60 በመቶ ገደማ ውሃ ይዟል፤ ንጹሕ ነው፤ አመዱ ትንሽ ነው። ከየጀበናው የሚለቀመው ግን በጣም ይረጥባል፤ ስኳር፣ ወረቀትና የሲጋራ ቁራጭም አይጠፋውም። የማሽኑን አስቀድሙ።

ሰጋቱራና የእንጨት ቁርጥራጭ ከእንጨት ሥራ ቤቶች። እዚህ ላይ ዓይን ያስፈልጋል። የጥሬ ጣውላ ሰጋቱራ ጥሩ ነው። የቺፕውድ፣ የኤምዲኤፍና የኮምፔርሳቶ ብናኝ ግን ሙጫ ይዟል፤ ፎርማይካና ቀለም ካለበት ጭራሽ አይገባም። በአንድ መጋዝ ሁለቱንም የሚቆርጥ ቤት ከሆነ ሰጋቱራውን አትቀበሉ፤ ቁርጥራጩን ብቻ በዓይን ለይታችሁ ውሰዱ። በኬሚካል የታከመ፣ አረንጓዴ ወዝ ያለው ምሰሶ መዳብ፣ ክሮምና አርሴኒክ ሊኖረው ይችላል፤ እነዚህ ከባዮቻሩ ጋር ወደ አፈር ይገባሉ።

የአጣናና የማገር ስብርባሪ ከግንባታ ቦታ። ምስማርና ሲሚንቶ ይዞ ይመጣል። ሲሚንቶው አመድ ከመጨመሩም ሌላ ጣጣ አለው፦ ውስጡ ያለው ካርቦኔት በላቦራቶሪ ሲለካ ካርቦን መስሎ ይቆጠራል። በመዶሻ ካልረገፈ ጫፉን ቆርጣችሁ ጣሉት።

ገረባ። ቀጫጭን እንጨቱ በቶሎ ይደርቃል፤ ለሻካራው መስመር ከሚመቹት አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ በፌስታል ታስሮ ይመጣልና እስሩን ፈትቶ ማራገፍ ግድ ነው።

የጁስ ቤት ትራፊ። የአቮካዶና የማንጎ ፍሬ ጥሩ ከሰል ይወጣቸዋል። የብርቱካን ልጣጭ ይገባል፤ የፓፓያና የሐብሐብ አይገባም፤ ውሃ ነው።

ቄጠማ፣ ኮባ፣ የመናፈሻ ሣርና የዛፍ ቅርንጫፍ። የእንቁጣጣሽ፣ የመስቀል፣ የገናና የፋሲካ ማግስት ቄጠማው በጆንያ ይጎርፋል። ሥሩ ላይ ጭቃ ስላለ ጣት የሚያህል ከሥሩ ይቆረጥ። ከወለል ላይ የተጠረገ ከሆነ አሸዋውን በወንፊት አራግፉ።

አጥንት፣ ፀጉር፣ ዳይፐር፣ የክሊኒክ ቆሻሻና የመንገድ ጥራጊ ከበር ይመለሳሉ።

ቀጥሎ ያለውን ብዙዎች ይዘነጉታል። የጠላ አተላ ለከብት ይሄዳል፤ ደረቅ ገረባ ለማገዶ የሚለቅመው ሰው አለ፤ ሰጋቱራ የሚገዛም አለ። ያን ወስዳችሁ ብታከስሉት፣ ያ ሰው ሌላ ማገዶ ወይም ሌላ መኖ ፍለጋ ይሄዳል፤ ምናልባትም እንጦጦ ወጥቶ እንጨት ይቆርጣል። በሒሳቡ ካርቦን አስወገዳችሁ፤ በተግባር ከአንዱ ወደ አንዱ አዛወራችሁ። ስለዚህ ከማንኛውም ሰጪ ጋር ስትስማሙ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይሄ እስካሁን የት ይሄድ ነበር?» ይሁን። መልሱ «ቆሼ» ወይም «እናቃጥለው ነበር» ከሆነ ውሰዱ፤ «እገሌ ይወስደዋል» ከሆነ ለእገሌ ተዉለት።

ርክክብ

ለሰጪዎች የተለያየ ቀለም ያለው ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አከፋፍሉ፤ አንድ ቀለም ለአንድ ዓይነት። ጽሑፍ ከመለጠፍ ቀለም ይሻላል፤ ሌሊት የሚያጸዳው ሠራተኛ ጽሑፍ አያነብም። እርጥቡ (አተላ፣ ልጣጭ፣ ፍሬ) በየቀኑ ይነሣ፤ በሁለተኛው ቀን መሽተትና ዝንብ ማፍራት ይጀምራል። ደረቁ በሳምንት አንዴ ይበቃል።

በር ላይ እያንዳንዱን ጆንያ መዝኑ፣ ከዚያ ሸራ ላይ ዘርግፉት። ሳይዘረገፍ የገባ ጆንያ አልተመረመረም። ከአንድ ሰጪ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከሃያ ኪሎ ውስጥ ከአንድ ኪሎ በላይ ባዕድ ነገር ከመጣ ማዳበሪያውን መልሱለትና ለጊዜው አቁሙ። ይህን ለማድረግ ማፈር በኋላ የለቃሚዎቹን ቀን ይበላል።

መለየት

ጠረጴዛው ወገብ የሚደርስ ይሁን፤ ላዩ አንድ ሳንቲሜትር ቀዳዳ ያለው የሽቦ ወንፊት፣ ከሥሩ አሸዋ መቀበያ ላሜራ። ወንፊቱንም በርሜሉንም ምናለሽ ተራ ታገኛላችሁ። ለምስማር ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በእንጨት ጫፍ አስሮ ማለፍ ይበቃል። ለደቃቁ መስመር ግን የወንፊቱ ሥራ ተቃራኒ ነው፤ ሰጋቱራና አተላ በአንድ ሳንቲሜትሩ ያልፋሉ፤ የሚቀረው ባዕዱ ነው።

ፌስታልና ላስቲክ የሚወጣው ከመቆረጡ በፊት ነው። አንዴ በገጀራ ከተከተፈ አንዱ ፌስታል መቶ ይሆንና ማንም አይለቅመውም። የፕላስቲክ ጣጣው ሁለት ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና የውሃ ቱቦ የሚሠራበት ፒቪሲ ክሎሪን አለው፤ ሲሞቅ ምድጃውን የሚበላ አሲድና ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ያወጣል። ሌላው የሒሳብ ነው፦ የፕላስቲክ ካርቦን የመጣው ከነዳጅ ነው እንጂ ከአየር አይደለም። ከሰል ሆኖ ቢቀር እንኳ ያስወገደው ነገር የለም።

አሸዋን አትናቁት። ሌላው ሁሉ በምድጃው ውስጥ ይቀንሳል፤ አሸዋ አይቀንስም። ከ1,000 ኪሎ ደረቅ ጥሬ ዕቃ 30 ኪሎው አሸዋ ከሆነ፣ ቀሪው 970 ኪሎ 270 ኪሎ ገደማ ባዮቻር ሲሆን አሸዋው 30 እንደሆነ ይቀራል። ሦስት በመቶ የነበረው አሥር በመቶ ሆነ ማለት ነው። ለመፈተሽ፦ አንድ ኪሎ ደረቅ ናሙና በባልዲ ውሃ ውስጥ በደንብ አማስሉ፤ የሚንሳፈፈውን አውጡ፤ አንድ ደቂቃ አቆዩና ውሃውን በዝግታ አንቆርቁሩ። የዘቀጠውን አድርቃችሁ መዝኑ። ከ20 ግራም ከበለጠ ያ ክምር ወደ ወንፊት ይመለስ። የቡና አተላ ራሱ ስለሚዘቅጥ በዚህ መንገድ አይፈተሽም፤ እሱን በጣት አሽታችሁ ኮረኮር ካለ ታውቁታላችሁ።

የሚለየው ሰው ወፍራም ጓንትና ሽፍን ጫማ ያድርግ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይውሰድ። መርፌ የማይገኝበት ጆንያ የለም ብላችሁ ሥሩ።

መቁረጥ

ሻካራው፦ ርዝመቱ እስከ 30 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ ከ2 እስከ 5። ከ5 በላይ የወፈረውን ፍለጡ፤ አለዚያ ውጭው አመድ ሲሆን እምብርቱ እንጨት እንደሆነ ይቀራል። በአንድ ዙር ውስጥ ያለው ውፍረት ይቀራረብ። ገረባና አጣና አብረው ከገቡ ገረባው አመድ ሆኖ ያልቃል፤ ለየብቻ አከማቹ።

የአቮካዶ ፍሬ በመጣበት ቀን ለአራት ይሰንጠቅ። እርጥቡ በቢላ ይከፈላል፤ ከደረቀ በኋላ መዶሻ ይፈልጋል፤ ያልተሰነጠቀው ደግሞ ውጭው ደርቆ ውስጡ ሻጋታ ይሆናል። የማንጎ ፍሬም ቅርፊቱ ይከፈት። ቄጠማና ኮባ አምስት ሳንቲሜትር ተደርገው ይከተፉ፤ ረዥሙ ሲቀላቀል ይተበተባል።

ማድረቅ

አብዛኛው ጊዜና ቦታ የሚሄደው እዚህ ነው። የምትፈልጉት እርጥበት ለሁለቱም መስመር 15 በመቶ ነው፤ ለሾጣጣው ምድጃ እስከ 20 ድረስ ይታገሣል። ሒሳቡን ለማየት የቡናውን አተላ ውሰዱ። 100 ኪሎ 60 በመቶ ውሃ ያለው አተላ 40 ኪሎ ደረቅ ነገር አለው። 15 በመቶ ሲደርስ የሚመዝነው 40 በ0.85 ተካፍሎ 47 ኪሎ ነው። 53 ኪሎ ውሃ ከግቢያችሁ መትነን አለበት፤ አለዚያ ምድጃው ያንን ውሃ ለማትነን የራሱን ጥሬ ዕቃ ያቃጥላል።

በፀሐይ ከማስጣት በፊት ጭመቁ። ልጣጭን ቀዳዳ ባለው በርሜል ሞልቶ በመኪና ክሪክ መጭመቅ ውሃውን በደቂቃዎች ይቀንሰዋል። የወጣውን ጭማቂ ቱቦ ውስጥ አትልቀቁ፤ በመሐል ከተማ የሚፈሰው መጨረሻው እንደ ቀበናና ባንተይቀጡ ያሉት ወንዞች ናቸው። ኮምፖስት ክምር ላይ ይፍሰስ።

መስጫው ከመሬት 40 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ የሽቦ አልጋ ይሁን። መሬት ላይ በሸራ የተሰጣ ከሥሩ ይሻግታል። ውፍረቱ፦ አተላ 3 ሳንቲሜትር፣ ሰጋቱራ 5፣ ልጣጭና ቄጠማ 10። አጣናና ገረባ ተነባብረው በመስቀለኛ ይቆለሉ እንጂ አይሰጡም። አተላው በሦስት ሳንቲሜትር ካልሆነ ላዩ ይጋገርና እንደ ቂጣ ይሆናል፤ ሥሩ እርጥብ ይቀራል። በቀን ሦስት ጊዜ በሬክ ይገላበጥ።

ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐዩም ነፋሱም ስላለ አተላው በሁለት ሦስት ቀን ይደርቃል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጤዛው ሲነሣ ግለጡ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ሸፍኑ። የሌሊቱ ብርድ ከሸፈናችሁት ክምር ውስጥ ራሱ እርጥበት ያወጣልና ሸራው አልጋው ላይ አይተኛ፤ ጉልበት የሚያህል ከፍ ብሎ ይወጠር። በበልግ ዝናብ ወቅት አንድ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን ሥራ ሊያበላሽ ይችላል፤ ሰማዩን አትመኑ።

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም በፀሐይ ማድረቅን እርሱት። ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው፣ ክረምቱን አጣናና ገረባ ብቻ ማክሰል፤ በበጋ አድርቃችሁ በቆርቆሮ ሥር ያከማቻችሁት። ሁለተኛው፣ ጣሪያው ላይ አየር ማስወጫ ያለው የላስቲክ ቤት፣ ከሥሩ የምድጃው ትርፍ ሙቀት የሚገባበት። ሁለተኛው የሚሠራው ማድረቂያው ምድጃው ጎን ሲሆን ስለሆነ ለመሐል ከተማ ግቢ አይሆንም። በእኛ ፍርድ ክረምት ልጣጭ መቀበል ማቆም ነው የሚሻለው፤ ደንበኛ እንዳይጠፋ ተብሎ የተጠራቀመ እርጥብ ልጣጭ በአሥር ቀን ውስጥ ራሱ ሚቴን አምራች ይሆናል።

እርጥበቱን በልክ ማወቅ

በእጅ ጨብጦ «ደርቋል» ማለት አይበቃም። በሹል ጥርሳቸው እንጨቱን የሚወጉ የእርጥበት መለኪያዎች ጥሩ ናቸው፤ ግን ውጩን ስለሚያነቡ እንጨቱን ፈልጣችሁ አዲሱ ገጽ ላይ ውጉ። ለአተላና ለሰጋቱራ አይሆኑም። ለነሱ ኦቨንና ሚዛን ነው፦

1. ከክምሩ ከአሥር ቦታ እፍኝ እፍኝ ሰብስቡ፤ ከላይ ብቻ አይሁን። አቀላቅላችሁ ቆልሉ፣ ለአራት ክፈሉ፣ ተቃራኒዎቹን ሁለት አስወግዱ፤ አንድ ኪሎ እስኪቀር ደጋግሙ።
2. ከዚያ 200 ግራም በላሜራ ሳህን መዝኑ።
3. በ105 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አስቀምጡ፤ በአራተኛው ሰዓት መዝኑ፣ ከዚያ በየሰዓቱ። ሁለት ተከታታይ ሚዛን ሲመሳሰል ደርቋል።
4. የጠፋውን ክብደት ለመጀመሪያው ክብደት አካፍሉ። 200 የነበረው 168 ከሆነ 32 ለ200፣ ማለትም 16 በመቶ።

32ን ለ168 የሚያካፍሉ አሉ፤ 19 በመቶ ይመጣል። ያም «በደረቅ ክብደት» የሚባል ሌላ አቆጣጠር ነው፤ ስሕተት አይደለም፤ ሁለቱን በአንድ መዝገብ መቀላቀል ግን ስሕተት ነው። ኦቨን የለም ብሎ በእንጀራ ምጣድ የሚሞክርም ይኖራል። ምጣዱ ከ105 ዲግሪ ብዙ ይበልጣል፤ የቡናው ዘይት መጨስ ይጀምርና የጠፋው ሁሉ ውሃ ይመስላችኋል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ቢሆንም ኦቨኑን አትቀንሱት፤ ከእንጨቱ ሴል ጋር የተያያዘው ውሃ 105ን ይፈልጋል።

መቀየጥ

ሻካራው አይቀየጥም፤ በውፍረት ይመደባል፤ በቃ። ቅይጡ የደቃቁ ነው። መነሻ የሚሆን፦ ሰጋቱራ 60 ኪሎ፣ አተላ 30 ኪሎ፣ የተከተፈ ቄጠማ ወይም የደረቀ ልጣጭ 10 ኪሎ። ሰጋቱራው 12፣ አተላው 18፣ ቄጠማው 20 በመቶ እርጥበት ቢኖራቸው ውሃው 7.2 እና 5.4 እና 2 ኪሎ፣ በድምሩ 14.6 ኪሎ፤ የመቶው 14.6 በመቶ ነው፤ ይገባል።

እርጥቡን በደረቁ አካካሱት ማለት ግን አይደለም። 40 በመቶ ውሃ ያለው አተላ በጣም ከደረቀ ሰጋቱራ ጋር ቢቀየጥ ወረቀቱ ላይ 15 ይመጣል፤ ምድጃው ውስጥ ግን እርጥቡ ጓል እርጥብ እንደሆነ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ከ20 በላይ እያለ አይቀየጥ።

የሙዝ ልጣጭ ከአሥር ኪሎው በላይ እንዳይጨመር። ፖታሲየሙ ብዙ ነው፤ አመዱን ያበዛል፤ በከፍተኛ ሙቀት አመዱ ቀልጦ ምድጃው ላይ ይጣበቃል። አዲስ ቅይጥ ስትሞክሩ መጀመሪያ 20 ኪሎ ብቻ ይግባ።

ማከማቸት

በማዳበሪያ ተሞልቶ ፓሌት ላይ፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል አይለፍ፤ ከግድግዳ አንድ ክንድ ይራቅ። በደንብ ያልደረቀ ደቃቅ ክምር ራሱን ያሞቃል፤ ቸል ከተባለም ይቀጣጠላል። የብረት ዘንግ እምብርቱ ድረስ ሰክታችሁ አሥር ደቂቃ ተዉት፤ ስታወጡት በእጅ የማይያዝ ከሆነ ወዲያው በትናችሁ እንደገና አስጡ። ይህ ማታ ማታ ይደረግ። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ።

መዝገብ

ለእያንዳንዱ ዙር፦ ቀን፣ ከየት ዓይነት ቦታ እንደመጣ፣ ቀድሞ የት ይሄድ እንደነበር፣ የገባ ክብደት፣ የተጣለ ባዕድ፣ የእርጥበት ውጤት፣ የቅይጡ ልክ፣ የጭነቱ ኪሎ ሜትርና ናፍጣ። አንድ ኪሎ ናሙና ታሽጎ የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ ይቀመጥ። የተወገደውን ካርቦን የሚገዙ ከሚጠይቁት ዋናው የሃይድሮጅንና የኦርጋኒክ ካርቦን የአቶም ጥምርታ ነው፤ ከ0.7 በታች መሆን አለበት፤ ከ0.4 በታች ከሆነ ዕድሜው ይረዝማል። እርጥብ ጥሬ ዕቃ ምድጃውን ስለሚያበርድ ይህን ቁጥር ወደ ላይ ይገፋዋል።

ሒሳቡ በደረቅ ክብደት ብቻ ነው። ለምሳሌ 1,000 ኪሎ ፍጹም ደረቅ ቅይጥ 280 ኪሎ ባዮቻር ቢሰጥ፣ ባዮቻሩም 72 በመቶ ካርቦን ቢኖረው፣ ወደ 202 ኪሎ ካርቦን ነው። ካርቦንን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ክብደት በሚለውጠው 3.67 ሲባዛ 740 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ከዚያ ላይ ናፍጣውና የምድጃው ሚቴን ይቀነሳሉ፤ በመቶ ዓመት ውስጥ ይበሰብሳል ተብሎ የሚታሰበውም እንዲሁ።

መኪናው ላይ ስትጭኑ በላስቲክ ሳይሆን በሸራ ሸፍኑ፤ ላስቲክ ሥር ላብ ይይዘዋል። ምድጃው ቦታ ሲደርስ እንደገና ይመዘን። ከግቢው ሚዛን ከሁለት በመቶ በላይ ከከበደ መንገድ ላይ ዝናብ መትቶታልና ሳይለካ ወደ ምድጃ አይግባ፤ ከቀለለ ደግሞ የፈሰሰ ጆንያ ፈልጉ፣ ወይም ሚዛናችሁን በ20 ኪሎ የሚዛን ድንጋይ ፈትሹ።